የላይፍቦት ሁክ፦ የተዘጋውና የተዘጋ የሚመስለው

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬዬ ስለ ላይፍቦት ሁክ ነው፤ የነፍስ አድን ጀልባውን ከፊትና ከኋላ አንጠልጥለው ስለሚይዙት ሁለት መንጠቆዎች። ባሕር ዳር ወይም ባቦጋያ ሠልጥናችሁ በኢንጂነርነት ወይም በኤሌክትሪክ ኦፊሰርነት መርከብ ላይ ያላችሁ፣ የጀልባው ሞተርና ባትሪ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ከጀልባው አትርቁም። ሁኩን ግን "የደክ ሰዎች ጉዳይ ነው" ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ጀልባው ከዴቪቱ (ከሚሸከመውና ከሚያወርደው ክንድ) ላይ ተነሥቶ በወጣ ሰዓት ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ የተንጠለጠለው በእነዚያ ሁለት ብረቶች ነው።

እነዚህ ሁኮች ሸክም ላይ እያሉ እንዲለቁ የተደረገበት ከባድ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1980፣ በሰሜን ባሕር ኤኮፊስክ የነዳጅ መስክ፣ አሌክሳንደር ኪላንድ የተባለው ተንሳፋፊ መድረክ እግሩ ተሰብሮ ተገለበጠ። ከ212 ሰዎች 123ቱ አለቁ። ወደ ውኃ ከወረዱት አራት ላይፍቦቶች ከሽቦ ገመዳቸው መላቀቅ የቻለው አንዱ ብቻ ነበር። ሁኮቹ የሚከፈቱት ገመዱ ሲላላ ብቻ ነበር፤ ማዕበሉ ደግሞ ገመዱን እየወጠረ ፋታ ነሣቸው። ከጁላይ 1986 ወዲህ ለተሠሩ መርከቦች በሸክም ላይ የሚለቅ ሁክ በሶላስ (በዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት) ግዴታ ሆነ።

ያ ሲስተካከል ሌላ ጣጣ መጣ፦ ማንም ሳይፈልግ የሚለቅ ሁክ። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች በ2001 ባወጡት ጥናት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በላይፍቦትና በማውረጃ መሣሪያው 12 መርከበኞች ሞተዋል፤ 87 ሰዎች ተጎድተዋል። የሚያሳዝነው፣ የተጎዱት ከሚሰምጥ መርከብ እየሸሹ አልነበረም፤ በልምምድና በፍተሻ ላይ ነበሩ፤ ሥራቸውንም የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

አሠራሩን ልብ በሉልኝ። ሁኩ ጅራት አለው፤ ጅራቱን የሚይዘው ካም ነው። በብዙዎቹ ሁኮች ላይ ካሙ ግማሽ ጎኑ ተቆርጦ የተነሣለት ክብ ዘንግ ነው። ክቡ ጎን ወደ ጅራቱ ሲዞር ሁኩ ይያዛል፤ የተቆረጠው ጎን ሲዞር ጅራቱ ያልፍና ሁኩ ይከፈታል። ካሙን የሚያዞረው ከመሪው አጠገብ ካለው እጀታ የሚነሣ ኬብል ነው፤ ለፊተኛው አንድ፣ ለኋለኛው አንድ። እጀታው አንድ ሆኖ ኬብሉ ሁለት መሆኑን አትርሱ፤ ችግሩ የሚደበቀው እዚህ ጋ ነው።

ካሙ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ሲቀር፣ ጅራቱን በጫፉ ብቻ ይይዘዋል። ምላሱ ጥቂት ብቻ የገባ የበር ቁልፍ በሉት፤ ሲያዩት ተዘግቷል፣ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። ጀልባው ቆሞ ሳለ ምንም አይሆንም። ዊንቹ (ገመዱን የሚጠቀልለውና የሚለቀው ማሽን) ድንገት ቆሞ ጀልባው ነጠቅ ሲል፣ ወይም ከመርከቡ ጎን ሲላተም፣ ካሙ ይንሸራተታል። አንዱ ሁክ ብቻ ከለቀቀ ጀልባው በአንድ ጫፉ ቁልቁል ይንጠለጠልና ሰዎቹን ያፈስሳል። በአንዳንድ የቀድሞ ሁኮች ላይ ሸክሙ ራሱ ካሙን ወደ መክፈቻው ይገፋው ነበር። ስለዚህ ነው በ2011 ሕጉ ተሻሽሎ፣ መስፈርቱን ያላሟሉ ሁኮች ቢዘገይ እስከ ጁላይ 1 ቀን 2019 እንዲቀየሩ የተወሰነው። አዲሶቹ የተሻሉ ናቸው። በትክክል ያልተመለሰን ካም ግን አዲስ ሁክም አያድነውም።

እንግዲህ አመላለሱ። የአምራቹ መመሪያ ይቅደም፤ በአብዛኛው ግን እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ሁክ ላይ አንድ ሰው ይቁም። ሁኩን በእጅ አንሥቶ ጅራቱን ቦታው ላይ ያድርግና ይያዝ። ከዚያ እጀታው በቀስታ ይመለስ፤ የደኅንነት ፒኑ ይግባ። አሁን እጀታውን ማመን የለም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካም ምልክት በዓይኑ አይቶ፣ "ፊተኛው ተመልሷል"፣ "ኋለኛው ተመልሷል" ብሎ ጮክ ብሎ ይናገር። የኢንተርሎኩ (ጀልባው ውኃ ላይ ሳይደርስ እጀታው እንዳይከፍት የሚከለክለው መቆለፊያ) ጠቋሚም ወደ ተዘጋው ቦታ መውረዱ ይታይ። እጀታው መጨረሻው ድረስ አልሄድም ካለ በጉልበት አትግፉት፤ አንደኛው ጅራት ቦታውን አልያዘም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ስትገፉት የኬብሉ እምብርት (ከሽፋኑ ውስጥ ያለው ሽቦ) ይታጠፋል። ከፍቶ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው።

ስለ ኬብሉ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ ማንም አያየውም። ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ጨው ውኃ ይገባና እምብርቱ ይዝጋል። ማሰሪያው ከላላ ደግሞ እጀታው ሲንቀሳቀስ ሽፋኑ አብሮ ይሄዳል፤ እንቅስቃሴው መንገድ ላይ ይባክንና ካሙ ጋ የሚደርሰው ጎደሎ ነው። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ጀልባው በሌላ ማንጠልጠያ በደንብ ተይዞ ሁኮቹ ከሸክም ነፃ ሲሆኑ፣ እጀታውን አንድ ሰው በዝግታ ያንቀሳቅስ፤ ካሞቹ ከእጀታው ጋር ተነሥተው ከእጀታው ጋር ይቁሙ። የሚዘገይ ካለ መዝግባችሁ አስታውቁ። የኬብሉን ርዝመት በግምት ማስተካከል፣ የተበላሸውን ቀጥሎ መጠቀም የለም፤ ይቀየራል።

ግሪስ አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ብቻ፣ አሮጌው ገፍቶ እስኪወጣ። ቀለም በሚንቀሳቀስ ክፍልም ሆነ በካሙ ምልክት ላይ አይቀባም። ከጀልባው ሆድ ሥር ያለው፣ የውኃ ግፊት የሚያነሣው ሃይድሮስታቲክ ክፍልም እንዲሁ፤ በቀለም ወይም በባሕር ዛጎል ከተደፈነ አይሠራም። "ውኃ ላይ ነኝ" እንዳለ ተጣብቆ ከቀረ ደግሞ ያኔ ኢንተርሎክ የለም ማለት ነው፤ እጀታው በአየር ላይም ይከፍታል። ኢንተርሎኩን አልፎ የሚከፍተው የአደጋ ጊዜ መክፈቻ ላይ ያለው መስታወት ከተሰበረ በራሱ ዓይነት ይተካ እንጂ በፕላስተር አይሸፈን።

የመውደቅ መከላከያውን (ሁኩ ቢለቅም ጀልባው እንዳይወድቅ የሚይዘውን ማሰሪያ ወይም ፒን) በተመለከተ፦ ማሰሪያው ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ከሆነ፣ ጀልባው ከነሰዎቹ ከሚመዝነው ስድስት እጥፍ መቻል አለበት። ሽቦ ወይም ሰንሰለት አይሆንም፤ ድንገተኛ ንጥቂያን አይውጥም። ፀሐይ ያደረቀው ጨርቅም መጣል አለበት። ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ፒን ለማስገባት ብሎ ሁኩን መብሳት የተከለከለ ነው። መከላከያውን በእውነተኛ አደጋ ጊዜ ማን እንደሚያነሣው ግን አስቀድሞ በስም ይወሰን፤ ያልተነሣ መከላከያ ጀልባውን ከመርከቡ ጋር አስሮ ያስቀራል።

በጣም የምፈራው ሰዓት ጀልባው ተመልሶ ሲነሣ ነው። ሁሉም ደክሞታል፣ ማዕበሉ ሁኩ የሚይዘውን የገመዱን ጫፍ ቀለበት ያወዛውዛል፣ ከላይ ቶሎ በሉ ይባላል። ቀለበቶቹ ከገቡ፣ ካሞቹ ታይተው መከላከያው ከታሰረ በኋላ ጀልባው ከውኃው ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ይቁም። ሁለቱም ካሞች እንደገና ይታዩ። አጠራጣሪ ነገር ካለ ከዚያ ከፍታ መመለስ ምንም አያስከፍልም። ጀልባው ውስጥም ለሥራው ከሚያስፈልገው ሰው በላይ አይቀመጥ።

ሁኮቹና አመላለሳቸው በየሳምንቱ በዓይን ይታያሉ፤ በየዓመቱ ጥልቅ ምርመራ አለ። በየአምስት ዓመቱ ተፈትተው ይታደሱና ሰውና ዕቃ ከሞላው ጀልባ ክብደት 1.1 እጥፍ ተጭኖባቸው ይፈተናሉ። ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ ዓመታዊውንና የአምስት ዓመቱን የሚሠራው ለዚያ ዓይነት ሁክ የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ነው። ባለሙያው መርከባችሁ ላይ ሲመጣ ፊርማውን ብቻ ተቀብላችሁ አትሸኙት። በትክክል የተመለሰው ካም ምን እንደሚመስል ያሳያችሁ፤ ፎቶ አንሡት፤ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ከሁለቱም ሁኮች አጠገብ ለጥፉት። ጥያቄ ካላችሁ የሁካችሁን ዓይነት ጠቅሳችሁ ላኩልኝ። በሰላም ሁኑ።