አይሮ፦ የፊንላንዶች መቅዘፊያ ከየት መጣ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬዋ ቃል «አይሮ» ናት፤ በፊንላንድኛ የጀልባ መቅዘፊያ። ስዊድኖች «ኦራ»፣ እንግሊዞች «ኦር» ይሏታል። ይህን የሰማ ሰው ፊንላንዶች ከስዊድን ወሰዷት ቢል አይፈረድበትም። አገሪቱ እስከ 1809 በስዊድን ሥር ነበረች፤ መልህቅን «አንኩሪ» የሚሉትም ከስዊድንኛ ወስደው ነው።

አይሮ ግን ከዚያ ሁሉ ትቀድማለች። ማስረጃው «አይ» የሚለው ድምፅ ነው። ቫይኪንጎች በሚናገሩት ኖርስ ቃሉ «አር» ነበር፣ አናባቢው ረዝሞ። ስዊድንኛም እንግሊዝኛም የሚገኙበት የቋንቋ ቤተሰብ ጀርማኒክ ይባላል፤ በሰሜኑ ቅርንጫፉ «አይ» ከ«ር» በፊት ሲመጣ ወደ ረጅም «አ» ተለውጧልና። ከለውጡ በኋላ የተወሰደ ቃል «አይ»ን ከየት ያመጣል? ሊቃውንት በንጽጽር የደረሱበት ጥንታዊ የጀርማኒክ ቅርጽም «አይሮ» ነው፣ መጨረሻው ረጅም «ኦ»። እነሱ ተጽፎ ስላልተገኘ፣ በግምት የተመለሰ መሆኑን ለማሳየት በኮከብ ምልክት የሚጽፉትን ቃል የፊንላንድ ዓሣ አጥማጅ ዛሬም ይጠራዋል። ይሄ እጅግ ይደንቀኛል!

በአንድ ቃል ብቻ አይፈረድም፤ ጓደኛ ይፈለግለታል። ቀዛፊው የሚቀመጥባት አግድም ጣውላ «ቴልዮ» ትባላለች። ኖርሱ ያቺኑ ቃል ሲጠራ መሃሏን «ኢ» አድርጎታል፤ ፊንላንድኛው የጥንቱን «ኤ» ይዞ ቀረ። ሁለቱ ቃላት አንድ ዘመን ይመሰክራሉ። የዴንማርኩ ቪልሄልም ቶምሰን በ1869 እንዲህ ያሉ ውሰቶችን አጥንቶ ፊንላንድኛ ምን ያህል የጥንት ጀርማኒክ እንዳቆየ አሳይቷል።

የቃል ምንጭ የሚፈልግ ጀማሪ የሚሳሳተው በቃሉ የመጀመሪያ ድምፆች ላይ ነው። እኛ ተነባቢ ሲደራረብብን «እ» እናስቀድማለን፤ «እስፖርት» እንላለን። የድሮው ፊንላንድኛ ግን የፊተኞቹን ይጥላል። «ስትራንድ» ዳርቻ ነው፤ «ራንታ» ሆነ። የመርከብ ቀኝ ጎን፣ በስዊድንኛ «ስቲርቦርድ»፣ «ቲርፑሪ» ሆነ። ይህን ያላወቀ ትክክለኛውን አባት አይቶ ያልፈዋል። «ቡሬ» የሚለው የሊትዌንያ ሸራም «ፑርዬ» ሲሆን «ብ» ወደ «ፕ» ዞሯል፤ የዚያን ዘመን ፊንላንድኛ «ብ» አልነበረውም።

ጀልባዋ ራሷ፣ «ቬኔ»፣ ግን የቤት ልጅ ናት፤ ዘመዶቿ የፊንላንድኛ ዘመድ በሆኑት በሳሚና በቮልጋ አካባቢው ሞርድቪን ቋንቋ አሉ። በእጅ ብቻ የሚያዘው አጭር መቅዘፊያ፣ «ሜላ»ም፣ እንደዚሁ። አይሮ የጀልባውን ጠርዝ ተደግፎ የሚሠራው ረጅሙ ነው። ስለዚህ ከጀርማኒኮቹ የመጣው ስሙ ብቻ አይመስለኝም፤ መሣሪያውም አብሮ ሳይመጣ አልቀረም።