«ሙቀቱ ነው፣ ጫቱ ነው» እያልን

የተከበራችሁ የድሬ እናቶችና አባቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣

እንደምን አመሻችሁ። የተጠራሁት ታክሞ ተመልሶ ስለሚመጣ የታይሮይድ ሕመም፣ ማለትም አንገት ላይ ያለችው ዕጢ ሆርሞኗን ከልክ በላይ ስለምታመርትበት ሕመም፣ እንድናገር ነው። አንዱን ነገር ግን አፍረጥርጬ ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

እዚህ ከተማ ይህ ሕመም መደበቂያ ሞልቶታል። ታክማ የነበረችን ሴት ላብ ሲያጠምቃት «የድሬ ሙቀት ነው»፣ ልቧ ሲመታና እንቅልፍ ሲነሳት «ጫቱ ነው»፣ ስትከሳ «ሐሳብ ይዟት ነው» ይባላል። እስቲ ሐረር ዘመድ ጥየቃ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ጋቢ ሲደርብ እሷ ነጠላዋን ከጣለችስ? ጫቱን ትታም እጇ ከተንቀጠቀጠስ? ያኔ ማንን ልንከስ ነው? ለምርመራ ደም ትስጥ። ዕጢዋን የሚያዘው ሆርሞን ቲኤስኤች ወርዶ፣ ዕጢዋ የምታመርተው ፍሪ ቲ-ፎር ከፍ ካለ አገርሽቶባታል።

የብዙዎቹ መነሻ ግሬቭስ የሚባለው በሽታ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢዋን እየቀሰቀሰ ያሠራታል። ክኒኑ ሆርሞኑ እንዳይመረት ያግዳል እንጂ ቅስቀሳውን ሁልጊዜ አያስቆምም። ስለዚህ ከ12 እስከ 18 ወር በሥርዓት ውጠው ካቆሙት ግማሽ ያህሉ ያገረሽባቸዋል። «መድኃኒትሽን በትክክል አልወሰድሽም» እያሉ መቆጣት ይብቃ!

የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ሆርሞኑን ከሚያግዱት ክኒኖች አንዱን ይዘው «ፒቲዩ 50 ሚሊግራም፣ በቀን ሦስቴ» ይባልና ያው ወረቀት ይደገማል። ስድስት ወር፣ ዓመት፣ ሦስት ዓመት! መጀመሪያ ላይ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ደም እየታየ መስተካከል የነበረበት መጠን ማንም ሳይለካው ይቀጥላል። ሲበዛባት ትፈዛለች፣ ትወፍራለች፣ በዚህ ሙቀት ይበርዳታል። ፒቲዩ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ በተለይ የሚመረጠው በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ለረጅም ጊዜ የሚሻለው ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል ነው። የትኛውንም ስትውጡ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ክኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ነጭ የደም ሴል አስቆጥሩ። ዓይን ቢጫ ከሆነም እንዲሁ፤ አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። ይህን ሳይነግር ማዘዣ የሚጽፍ ባለሙያ ብዕሩን ቢያስቀምጥ ይሻላል።

ላገረሸባት መንገዱ ሦስት ነው፤ ሦስቱም ይነገሯት። አንዱ ሜቲማዞልን በትንሽ መጠን፣ ብዙ ጊዜ በቀን ከ2.5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ለዓመታት መቀጠል ነው። ይህ የደህና ሐኪም ምርጫ ነው፤ ከዚያ ከሚደገመው ወረቀት የሚለየው በልኬቱ ነው። ሁለተኛው ተውጦ ዕጢዋን ከውስጥ የሚያከስመው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ነው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ክልክል ነው፤ አዮዲኑን ከዋጠች በኋላም ቢያንስ 6 ወር ሳታረግዝ ትቆይ። ዓይኗ የፈጠጠባትን፣ ይልቁንም የምታጨስ ከሆነች፣ ሊያብስባት ይችላል።

ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ እንቅርቱ ትልቅ ሆኖ ለሚያፍናት ይመረጣል። ሆርሞኑ በመድኃኒት ሳይረጋ ቢላ አይነሳም። የድምፅ ነርቭ ሊነካ ይችላል፤ ከቀዶው በኋላ ከንፈርና ጣት ከነዘረ ካልሲየም ወርዷል።

ዕጢው ከወጣ ወይም ከከሰመ ሆርሞኑን የሚተካው ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ቡናውም ሆጃውም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠብቅ። የብረትና የካልሲየም ክኒን ከእሱ በ4 ሰዓት ልዩነት ይራቅ።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። የመድኃኒት ወረቀታችሁን ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውን የደም ውጤታችሁንም ይዛችሁ ቅረቡ፤ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው።