የጀልባ ሠሪ እጅ እንዳይጠፋ

እንኳን ደህና መጣችሁ። ወንበር ስላልበቃ ይቅርታ። ኋላ የቆማችሁ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ትችላላችሁ። እዚያ ግድግዳው ጋ፣ በመሃላቸው ቀጫጭን እንጨት ገብቶ የተደረደሩት ሳንቃዎች ላይ ግን እባካችሁ አትቀመጡ፤ ገና እየደረቁ ናቸው።

አንድ ልመና ይዤ ነው የቆምኩት፣ ቶሎ ልናገረውና ምክንያቴን ከዚያ አስከትላለሁ። አሮጌ ጀልባ ለማዳን ከምታወጡት ገንዘብና ጉልበት ግማሹን እንኳ አዲስ ጀልባ ለማሠራት አውሉት። ከእንጨት፣ በድሮው አሠራር፣ ከሠሪው ጎን የሚማር ወጣት ቆሞ የሚሠራ ጀልባ ማለቴ ነው። ይሄን ስል ቅር የሚለው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ከመካከላችሁ አሸዋ ላይ የተጣለ ጀልባ አንስታችሁ፣ ፍቃችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ፣ ጣሪያ የሠራችሁለት አላችሁ። አከብራችኋለሁ። ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

የእንጨት ጀልባ ዕድሜ አለው። በደንብ ከተያዘ የሰው ዕድሜ ያህል ይቆያል፣ ካልተያዘ በጥቂት ዓመት ያልቃል። ድሮ በዚህ ማንም አያለቅስም ነበር። ጀልባው ሲያረጅ ብረታ ብረቱ ይነቀላል፣ ደህና ደህናው እንጨት ይለቀማል፣ ባለቤቱም ሄዶ ሌላ ያዝዛል። አያችሁ፣ ጀልባው ስለሚያልቅ ነው ሥራው የሚቀጥለው። አባት ሲሠራ ልጅ ያያል፣ ልጁ በተራው ሲሠራ የልጅ ልጅ ሳንቃ ይይዛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋይበርግላስ መጣ። አንድ ቅርጽ ማውጫ ካለህ ተመሳሳይ ጀልባ ደጋግመህ ታወጣለህ፣ አይበሰብስም፣ ብዙ እንክብካቤም አይጠይቅም። ዓሣ አጥማጁ ያንን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ግን ትዕዛዝ ቆመ። ትዕዛዝ ሲቆም ወጣቱ ሌላ ሥራ ፈለገ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሚያስተምሩት ሰው ሳያገኙ አረፉ። ከዚያ በኋላ ነው እኛ ጀልባዎቹን ሙዚየም ማስገባት የጀመርነው።

ጀልባው ካለ አሠራሩን ከእሱ ማየት ይቻላል የሚል ሰው አይጠፋም። አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጊዛ ላይ፣ ከትልቁ ፒራሚድ አጠገብ፣ ድንጋይ ተነስቶ ጉድጓድ ሲከፈት የንጉሥ ኩፉ ጀልባ ተገኘ። ወደ 4500 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ነው። የተገጣጠመ ጀልባ ግን አልነበረም። ተፈታትቶ፣ ተደርድሮ የተቀመጠ 1224 ቁራጭ ነበር። ሲገጣጠም 43 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጀልባ፣ የአሠራር ሥዕል የሌለው፣ እንጨቱ ላይ የድሮዎቹ አናጺዎች ከጫሩት ምልክት በቀር። ሥራው ለአሕመድ ዩሱፍ ሙስጠፋ ተሰጠ። እሳቸው የታወቁ የቅርስ ጠጋኝ ነበሩ፣ ጀልባ ግን ሠርተው አያውቁም። እና ምን አደረጉ? ዓባይ ዳር ወርደው፣ በዚያን ጊዜ ገና የእንጨት ጀልባ ይሠሩ የነበሩ አናጺዎች ዘንድ ሄደው ሲሠሩ እያዩ ተማሩ። እንጨት እንዴት እንደሚጎብጥ፣ ሳንቃ ከሳንቃ እንዴት እንደሚጋጠም። ከዚያ ተመልሰው ገጣጠሙት፣ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባቸው። ዛሬ ሰው ተሰልፎ የሚያየው ያ ጀልባ ቆሞ የታየው፣ ስማቸውን የማናውቃቸው የዓባይ ዳር አናጺዎች እጅ ገና ስላልጠፋ ጭምር ነው። እነሱ ባይኖሩ ኖሮስ? ቁራጮቹ አሉ፣ ዝግባው እንዳለ አለ፣ ግን የሚያነጋግረው ሰው ከየት ይመጣል?

እጅ እጅ የምለው ምን ማለት እንደሆነ ጀልባ ሠርታችሁ ለማታውቁት ላሳያችሁ። ይሄን ሳንቃ እዩት። ጀልባው ጎን ላይ ሲሆን ከጫፍ ጫፍ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚመስለው፣ አይደል? አሁን ነቅለን ወለል ላይ አስተኝተነዋል። ጭራሽ ቀጥ አይደለም፤ መሃሉ ወደ ታች ወርዷል፣ ጫፎቹ ወደ ላይ ዞረዋል። የብርቱካን ልጣጭ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጉት እንደሚሆነው ነው። ስለዚህ ቀጥ ያለ እንጨት ወስደህ፣ ቀጥ አድርገህ ቆርጠህ፣ ጀልባው ላይ ልለጥፈው ብትል እንቢ ይልሃል፣ ወይ ይሰነጠቃል። ሠሪው መጀመሪያ ስስ ጣውላ ጀልባው ላይ አስጠግቶ፣ ክብ በሚሠራበት ኮምፓስ ከታችኛው ሳንቃ ጠርዝ ርቀቱን እየወሰደ፣ ቅርጹን ወደ አዲሱ እንጨት ያስተላልፋል። ይሄን መጽሐፍም ያስተምራል። መጽሐፍ የማያስተምረው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ቀጭን ሸንበቆ የመሰለ እንጨት በምልክቶቹ ላይ ያስተኛል፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ያያል፣ ተመልሶ አንዱን ነጥብ በጣም በትንሹ ይገፋል። ልኬቱ ትክክል ነው እኮ! ግን መስመሩ አላማረም። ያላማረ መስመር ደግሞ መልክ ብቻ አያበላሽም፤ እዚያ ቦታ ላይ ሳንቃው በግድ ነው የሚታጠፈው፣ በግድ የታጠፈ እንጨት ደግሞ ምስማሩን ዕድሜ ልኩን ይጎትታል።

ሌላው ምስማሩ ነው፣ እኔ እሱን ሳልናገር መውረድ አልችልም። የሰሜን አውሮፓዎቹን ዓይነት፣ ሳንቃዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ የሚደራረቡበትን ጀልባ ስንሠራ ሁለቱን ሳንቃ የሚይዘው የመዳብ ምስማር ነው። ለአንድ ምስማር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ውጭ ሆኖ የምስማሩን ራስ በከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። ሌላው ውስጥ ሆኖ በወጣው ጫፍ ላይ ትንሽ የመዳብ ሮንዴላ ያጠልቃል፣ ትርፉን በፒንሳ ይቆርጣል፣ ከዚያ በትንሽ መዶሻ፣ ቀለል አድርጎ፣ ቶሎ ቶሎ እየመታ ጫፉን ይጠፈጥፈዋል። ጉልበተኛ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጠንክሮ ሲመታ ምስማሩ እንጨቱ ውስጥ ይጎብጣል። ከላይ ሲያዩት ቆንጆ ነው፣ ምንም አይታወቅበትም። ባሕር ላይ ግን መጀመሪያ የሚላላው እሱ ነው። ደህና መያዙን በምን ታውቃለህ? በድምፁ። ሳንቃዎቹ መሃል ክፍተት ካለ ድምፁ ባዶ ነው፣ ሲጣበቁ ጥጥር ይላል። ብዙ ጊዜ ለውጡን ቀድሞ የሚያውቀው ውጭ ብረቱን የያዘው ነው፣ መዳፉ ላይ ይሰማዋልና። ለዚህ ነው ጀማሪ ተለማማጅ መጀመሪያ ብረት ያዥ የሚደረገው። ሰው እንደ ተራ ሥራ ያየዋል። አይደለም! በአንድ ትንሽ ጀልባ ላይ ይሄ ሺህ ጊዜም ከዚያ በላይም ሊደገም ይችላል፣ ያ ልጅ ሲጨርስ ጆሮውም መዳፉም ሠልጥኗል። ይሄን በምን ቪዲዮ ታስቀምጡታላችሁ? ቪዲዮ እንቅረጽ፣ ደስ ይለኛል፣ ግን መዳፍ አይቀረጽም።

አዲስ ጀልባ መጀመሪያ ውኃ ላይ ሲወርድ ያያችሁስ? ያንጠባጥባል። አንዳንዱ ባለቤት ይደነግጣል፣ ገንዘቤ ተበላ ይላል። ጤነኛ ነገር ነው። ደረቅ እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ መጋጠሚያው ይዘጋል። አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይተዉታል፣ እየቀዱ ያፈሳሉ፣ ከዚያ ይቆማል። ሠሪው ግን ይሄን ከመጀመሪያው አስቦበታል። እንጨቱ ከመጠን በላይ ደርቆ ከገባ ሲያብጥ እርስ በርሱ ተገፋፍቶ ጎድኖቹን፣ ሳንቃውን ከውስጥ የሚይዙትን ጎባጣ እንጨቶች ማለቴ ነው፣ ሊሰብር ይችላል፤ እርጥብ ሆኖ ከገባ ደግሞ በኋላ ይሸሽና ክፍተት ይተዋል። እነዚያ የማላስነካችሁ ሳንቃዎች ጉዳይ ይሄ ነው። በልማድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል በአየር ይደርቃል ይባላል። ለችኩል ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም።

ደግሞ አሮጌ ጀልባ ያላችሁ ይሄን ያዙልኝ፦ የጀልባ እንጨትን በብዛት የሚያበሰብሰው የዝናብ ውኃ ነው። እንጨት የሚበላው ፈንገስ ጨው አይወድም። ድሮ ትልልቅ መርከብ የሚሠሩ ሰዎች በጎድኖቹ መሃል ጨው ይሞሉ የነበረው ለዚህ ነው። ዝናብ ግን ጥጋጥጉ ውስጥ ይገባል፣ አየር አያገኘውም፣ ከውስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጀልባችሁን በፕላስቲክ ጥፍር አድርጋችሁ አትሸፍኑት፤ ከላይ ይከለል፣ ከጎን ይተንፍስ። ባሕሩ የራሱ ጠላት አለው፣ የመርከብ ትል፤ ትል ይባላል እንጂ የዛጎል ዘመድ ነው። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1628 የሰጠመችውን የእንጨት መርከባቸውን ቫሳን በ1961 ከሞላ ጎደል ሙሉዋን ያወጡት ባልቲክ ባሕር ጨዉ አነስተኛ ስለሆነ ያ ትል ስለማይኖርበት ነው።

አሠራሩ አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምስማር የሌለበትም አለ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ አፄ ካሌብ ጦራቸውን ባሕር አሻግረው የመን ባዘመቱበት ዘመን፣ ፕሮኮፒየስ የተባለው የባይዛንታይን ጸሐፊ የቀይ ባሕርና የሕንድ ጀልባዎች በብረት ምስማር እንደማይያዙ፣ ሳንቃዎቻቸው በገመድ እንደሚታሰሩ ጽፏል። ቀዳዳ በቀዳዳ የተሰፋ ጀልባ ማለት ነው። ሲላተም ይለመጣል፣ ምስማር እንዳለው ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ገመዱ ሲያረጅ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኦማን ውስጥ፣ ሱር ላይ፣ «ሶሃር» የተባለች እንዲህ የተሰፋች መርከብ ስትሠራ የኮኮናት ቃጫ ገመድ ሰፊዎቹ ከሕንዶቹ የላክሻድዊፕ ደሴቶች ነው የመጡት። እዚያ ገና እየተሰፋ ነበር። መርከቧ ከሙስካት ተነስታ ቻይና ድረስ በሸራ ሄደች። ከ1400 ዓመት በፊት የተጻፈ አሠራር፣ እጁ ስላለ ብቻ፣ ውቅያኖስ ተሻገረ።

ዩኔስኮም ይሄ የገባው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኢንዶኔዥያውን የፒኒሲ መርከብ አሠራር፣ በ2021 ደግሞ የአምስቱን የኖርዲክ አገሮች ተደራራቢ ሳንቃ ጀልባ ሲመዘግብ የጻፈው የአንድን ጀልባ ስም አይደለም፤ የመሥራቱን ጥበብና አብሮት ያለውን ልማድ ነው። ግን ምዝገባ ሳንቃ አይገዛም። ለተለማማጅ ምሳም አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልመለስ። አሮጌ ጀልባ ያላችሁ፣ ከመጠገናችሁ በፊት ልኩን እንውሰድ። ጥገና ሲጀመር ቅርጹ ይጠፋል፣ አሥር ሳንቃ ሲቀየር የድሮው ሠሪ ሐሳብ የቱ እንደነበር አይታወቅም። ለክተን፣ ሥዕሉን አውጥተን፣ መንታውን ከጎኑ እንሥራለት። አሮጌው በሰላም ያርጅ፤ መንታው ባሕር ላይ ይውረድ፣ ዓሣ ይያዝበት፣ ልጆች ይቅዘፉበት። ጀልባ የምታሠሩ ሰዎች ደግሞ ትዕግሥት እለምናችኋለሁ። ተለማማጅ ሲሠራበት አንዳንዱ ሳንቃ ሁለቴ ይቆረጣል። ያ ኪሳራ አይደለም፣ ትምህርት ነው፣ ግን ወጪውን ሠሪው ብቻውን ሊሸከመው አይችልም። ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት። ገንዘብ የሚመድቡ ድርጅቶች ካላችሁም፣ እባካችሁ ለሕንፃና ለምርቃት ብቻ አትመድቡ። አንድ ወጣት ቢያንስ ሁለት ሦስት ጀልባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እስኪሠራ የሚኖርበት ደሞዝ ነው የሚያስፈልገው። የሦስት ሳምንት ሥልጠናና ሰርተፊኬት ጥሩ ነው፣ ፎቶውም ያምራል፣ ጀልባ ሠሪ ግን አያወጣም።

እናንተ ወጣቶች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ጉልበት የለኝም ብላችሁ እንዳትቀሩ። ጉልበቱን ሞርሳና ገመድ ይሠራዋል። ከናንተ የምንፈልገው ዓይንና ትዕግሥት ነው። መሮ መሳል የማትችሉ ከሆነ መጀመሪያ የምትማሩት እሱን ነው፣ ለብዙ ቀን እሱን ብቻ። ይሰለቻል። ግን በደንብ በተሳለ መሮ የሠራ ሰው በደነዘ መሥራት ይጠየፋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም መቆጣጠር አያስፈልገውም።

ብዙ ማለት ይቻላል፣ ግን እዚያ ጥግ ያለው የእንፋሎት ሳጥን ውስጥ፣ ለስልሶ እንዲታጠፍልን፣ ሳንቃ አስገብተናል። ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለዚህ ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፣ ሰዓቱም ሞልቷል። ከወጣ በኋላ እንደ ልብ የሚታዘዘን ለአፍታ ነው፣ ከቀዘቀዘ አለቀ። ስለዚህ ስድስት ሰው እፈልጋለሁ። ጓንቱ በሩ ጋ አለ። ሁለታችሁ ፊት ለፊቱን ያዙ፣ ሦስታችሁ መሃሉን፣ አንድ ሰው ሞርሳ ያቀብለኝ። ሌሎቻችሁ መንገዱን ልቀቁልን።