መስመሩ ፖሊጎኑን ነካው ወይስ አልነካውም?

ሰላም ለሁላችሁም፣ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት አንዲት ጥያቄ ናት፣ ካርታ ላይ ያለ መስመርና ፖሊጎን፣ ማለትም ዙሪያውን በጠርዞች የታጠረ ቅርጽ፣ ይገናኛሉ ወይ? በዓይን ሲታይ ቀላል ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ዓይን የለውም፣ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

እኔ መጀመሪያ ኮዱን ስጽፍ መስመሮቹ መንገዶች፣ ፖሊጎኑ ደግሞ ጎርፍ የሚያሰጋው ቦታ ነበር፣ መስመሩን ከፖሊጎኑ ጠርዞች ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁና አንዱን ከቆረጠ ይገናኛሉ አልኩ፣ ሰራልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ሳለ ውጤቱን ስከፍተው ጎርፍ የሚያሰጋው ቦታ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያሉት መንገዶች የሉም! ዋናዎቹ እነሱ ነበሩ እኮ። ከ0፣0 እስከ 10፣10 ያለ ካሬ አስቡ፣ ከ2፣2 ወደ 8፣8 የሚሄድ መስመር አራቱንም ጠርዝ አይነካም፣ ግን ውስጡ ነው ያለው። ስለዚህ የተቆረጠ ጠርዝ ከሌለ የመስመሩን አንድ ጫፍ ይዛችሁ ፖሊጎኑ ውስጥ ነው ወይ ብላችሁ መጠየቅ ግድ ነው። ፖሊጎኑ መሃል ላይ ቀዳዳ ካለውም፣ ሐይቅ ውስጥ እንዳለች ደሴት ማለት ነው፣ የቀዳዳው ጠርዝም ይታያል፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለ ጫፍ ደግሞ ውጪ ነው የሚባለው።

ሁለት መስመሮች መቆራረጣቸው የሚታወቀው በጎን ነው፣ በአንዱ ላይ ሆናችሁ ስታዩ የሌላው ጫፎች አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ከሆኑ፣ ከዚያኛውም ሲታይ እንደዚያው ከሆነ ተቆራርጠዋል። ጎኑ የሚታወቀው በስሌት ነው፣ ጣጣው የስሌቱ ውጤት ዜሮ ሲሆን፣ ማለትም ጫፉ ልክ መስመሩ ላይ ሲያርፍ ነው፣ ምክንያቱም ኮምፒውተር 0.1ና 0.2 ሲደምር 0.30000000000000004 ነው የሚያወጣው፣ ልክ ጠርዙ ላይ ያለ ነጥብ በዚህች ጭላጭ ወደ ውጪ ይወጣል።

ፍጥነት ለማግኘት መጀመሪያ ባውንዲንግ ቦክስ፣ ማለትም ቅርጹን ዙሪያውን የሚከብበው ቀጥ ያለ ሳጥን፣ ይነጻጸራል፣ ጉትማን በ1984 ያወጣው አር-ትሪ የሚባለው ኢንዴክስም፣ ካርታ ላይ ያለን ነገር ቶሎ መፈለጊያ ማውጫ ነው፣ የሚሰራው በሱ ነው። ቦክሶቹ ካልተነካኩ ነገሩ አለቀ፣ ከተነካኩ ግን ገና ነው፣ ከ8፣14 ወደ 14፣8 የሚሄደው መስመር ቦክሱ ካሬያችን ላይ ይደረባል፣ መስመሩ ግን ጥጉን ሳይነካ ያልፋል።

የካርታ ዳታቤዝ የሆነው ፖስትጂአይኤስ ላይ ደግሞ ኢንተርሴክትስ (የትም ቢሆን ይገናኛሉ ወይ)፣ ክሮስስ (መስመሩ ከፊሉ ውስጥ ከፊሉ ውጪ ነው ወይ) እና ተችስ (ድንበሩን ብቻ ይነካል ወይ) የሚባሉት ጥያቄዎች አንድ አይደሉም። ከ10፣3 ወደ 15፣3 ያለው መስመር ጠርዙን ብቻ ስለሚነካ ለኢንተርሴክትስና ለተችስ አዎ ነው፣ ለክሮስስ አይደለም። ያ ውስጥ የነበረው መስመር ደግሞ ለኢንተርሴክትስ ብቻ ነው አዎ የሚሆነው።

እኔ አሁን ትልቁን ዳታ ከመጫኔ በፊት እነዚህን ሶስት መስመሮች፣ የውስጡን፣ የጠርዙንና የጥጉን፣ በእጄ አስገብቼ መልሳቸውን አያለሁ፣ ስራውን ያዘዘኝንም ሰው ድንበሩ ላይ ያለው ይቆጠራል ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።