ምፅዋ ሰው አለባት

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ የባሕር ኃይልና የወደብ ሠራተኛ ቤተሰቦች፤ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

አዘጋጆቹ ስለ ምፅዋ ውበት ተናገር ብለውኛል። እናገራለሁ፤ የመጣሁት ግን ንዴቴን ይዤ ነው። በየመድረኩ ምፅዋ በተነሣች ቁጥር የምሰማው የወደብ ወሬ ብቻ ነው፤ ጭነት፣ ርቀት፣ ካርታ። ሰው አይኖርባትም እንዴ?

እኛ የኖርነው ሰው መካከል ነው። እናቴ ከደጋ ስትወርድ ዓሣ የጾም ይሁን የፍስክ እንኳ አልተለየላትም ነበር፤ ሽታውንም አልቻለችውም። የትግረ ቋንቋና ዓረብኛ እየቀላቀሉ የሚናገሩ አሮጊት ጎረቤት ነበሩን። አንድ ቀን፣ ቋንቋ ሳይግባቡ፣ እጇን ይዘው ደሴቱ ላይ ወዳለው አሮጌ ሰፈር፣ ወደ ባጽዕ ወሰዷት። ዓሣው ከመሐል ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ የጋለው ምድጃ ግድግዳ ላይ ሲጠበስ፣ ትኩሱ የኹብዝ ዳቦ አብሮ ሲወጣ አየች። ቀመሰች። ከዚያ ወዲያ አባቴ «ደመወዜ በዓሣ አለቀ» እያለ ያማርር ጀመር! በሐምሌ ሙቀት ቤት አላስተኛ ሲለን አልጋችንን ደጅ አውጥተን ከአሮጊቷ ጎረቤታችን አልጋ ጎን እንተኛለን። እስላም ክርስቲያኑ አብሮ ያንኮራፋል፤ ማን ይብስ እንደነበር እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ።

ያ የባጽዕ ሰፈር ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1557 ያዙት፤ ግብፆች ተከተሉ፤ በ1885 ጣሊያን ገባ፤ በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሰው። ገዢው ሁሉ ወደቡን ብሎ መጣ፣ ሁሉም ሄደ። በሼክ ሐናፊ መስጊድ ዙሪያ የሚኖሩት ግን ቀሩ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. በደርግ ጦርና በሻዕቢያ መካከል የተካሄደውን ውጊያ፣ ከዚያም ከሰማይ የወረደውን ቦምብ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ቦምቡን የጣለው ደግሞ የእኛ መንግሥት ነበር! ይህን ውጠን ናፍቆታችንን ብቻ ብናወራ ምን ዓይነት ጎረቤቶች ነን? ዛሬ ካርታ ላይ ጣቱን እየቀሰረ የሚፎክር ሁሉ የአንዲት የምፅዋ እናት ስም ይጥራልኝ!

የጉርጉሱምን አሸዋ፣ የዳህላክን ጥርት ያለ ውኃ፣ ከአሥመራ በሊቶሪና፣ በዚያች የሐዲድ አውቶቡስ፣ ሲወረድ ካፖርት ይወለቅበት የነበረውን ቦታ ከእኔ በላይ የምታውቁ አላችሁ፤ አልደግመውም።

ከሻይ በኋላ ፎቶግራፍ እንሰበስባለን። ከመርከቡ ይልቅ ሰፈሩን የሚያሳየውን ስጡን፤ ጀርባው ላይም የጎረቤቶቻችሁን ስም ጻፉበት። አመሰግናለሁ።