ጥርሱን ያፋጨው ሠራተኛ፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ! እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዘንድሮው መወያያችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ባዮቴክኖሎጂና ነፃ ፈቃድ በሳይንሳዊ ልብወለድ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ካነሡት ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ የቼክ አገሩ ካሬል ቻፔክ ነው። «አር.ዩ.አር.» (የሮሱም ሁለንተናዊ ሮቦቶች) የተሰኘ ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1920 ታተመ፤ በ1921 በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ታየ። «ሮቦት» የሚለው ቃል ወደ ዓለም የወጣው ከዚያ ነው። ቃሉን የጠቆመው ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር።

«ሮቦታ» በቼክ ቋንቋ ገበሬው ለባለርስቱ በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው፤ በ1848 ነው የቀረው። ለእኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ሁዳድ ማለት ነው። የገባሩን ማሳ አረም እየበላው እሱ የጌታን ሁዳድ ያርሳል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ «ሮቦት» ሲባል ጆሮዬ ውስጥ የሚገባው ሌላ ነገር ሆኗል።

አብዛኞቻችን ሮቦት ሲባል ብረት ይታየናል። የቻፔክ ሮቦቶች ግን ሥጋ ናቸው፤ ፋብሪካ ውስጥ ለሥራ ይመረታሉ። ለሺህ ሮቦት የሚሆን ሊጥ በአንዴ ይቦካል፤ ነርቭና የደም ሥር እንደ ጥጥ ይፈተላል። ሕመም ስለማይሰማቸው ጣታቸውን ማሽን ቢቆርጠው ግድ የላቸውም። ስለዚህ የፋብሪካው ሳይንቲስት ሕመም ሊሰጣቸው ያስባል፤ ለምን ቢሉ፣ ንብረት እንዳይበላሽ!

ከተውኔቱ ሁሉ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ግን ይህ ነው፦ አልፎ አልፎ አንዱ ሮቦት በድንገት የያዘውን ሁሉ ይጥላል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጥርሱን ያፋጫል። የፋብሪካው ሰዎች «ብልሽት» ይሉታል፤ ወደ መፍጫው ይላካል። ልትጎበኝ የመጣችው ሄለና ግን ነፍስ ነው ትላለች።

ስለ ሮቦቶች አመፅ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከአመፁ ይልቅ እዚህ ጋ እንድንቆም እለምናችኋለሁ። እምቢታን ብልሽት ብሎ የሚሰይመው ማነው? የእኛም ገባር «አልሄድም» ሲል ሰነፍ ይባል ነበር፤ ሲብስም ሽፍታ። ዛሬ የምናወራቸው ማሽኖች ነፍስ አላቸው አልልም፤ ያላቸው አይመስለኝም። ስለ ሰው ልጅ ግን ጥርጥር የለኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይና ውስጥ ገና ሽል ሳሉ ዘረመላቸው የተነካ መንታ ሴቶች ልጆች መወለዳቸው ተሰማ። ወላጆች ተጠየቁ እንበል፤ ልጆቹን ማን ጠየቀ? አድገው «ይህን እኔ አልፈለግሁም» ቢሉስ፣ ምን ብለን ልንጠራቸው ነው? ይህን የሚጽፍልን ሰው እፈልጋለሁ፤ በአማርኛ፣ ከልጆቹ ወገን ቆሞ።

ዛሬ የሚነበቡትን ሥራዎች አስቀድሜ አይቻቸዋለሁ። አንደኛው የሚጀምረው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው፤ ዱቄት የለበሰች አንዲት ሠራተኛ ማሽኑን አጥፍታ ትቀመጣለች፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አትናገርም። በዚያ እንድንጀምር አዝዣለሁ።

ጉባኤው ተከፍቷል። አንባቢያችን ወደ መድረክ ይምጡልን።