የእማዬ ሌንስ እና የታኅሣሥ ግርግር

እሺ። እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። የጎረቤቴ ጄኔሬተር ከተሰማችሁ ቻሉት፣ እሱም የፕሮግራሙ ባልደረባ ሆኗል።

ዛሬ ስለ ሥራ ላወራ ነበር። ቃል ገብቼ ነበር አውቃለሁ። ግን ጭንቅላቴ ሌላ ቦታ ነው ያለው። እማዬ የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን መሠራቷን ሰምታችኋል፣ ብዙዎቻችሁ ጽፋችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደህና ናት። ከደህናም በላይ ናት። ፋሻው እንደተነሣ ነጠላዋን አገላብጣ አየችና "በምን አጠባችሁት?" አለች። ማንም አላጠበውም! ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፣ ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀራል። ነጩ ሁሉ ለዓመታት ወይቦ ሲታያት ኖሯል ማለት ነው። ከዚያ ቀጥላ ወለሉን አየች። ወለሉን ባታየው ይሻለን ነበር።

ብቻ የያዘኝ እሱ አይደለም።

የያዘኝ ሲስተሯ በሩን ከፍታ የወጣችበት ሰዓት ነው። እኔ ኮሪደር ላይ የእማዬን ጫማ ይዤ ቆሜያለሁ። ሲስተሯ ጋውዝ በእጇ ዘርግታ "ይኸውልህ፣ ሲያስቸግራት የከረመው" አለችኝ። አየሁት፣ የወጣላት ሌንስ ነው። ከምስር ትንሽ ከፍ ይላል። ዳር ዳሩ ቢጫ፣ መሐሉ ቡኒ። እርጥብ ነው። እጇን ነቅነቅ ስታደርግ መብራቱ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። "እሺ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ጋውዙን አጠፍ አድርጋ ተመለሰች። የቆሻሻው ክዳን ኳ ሲል ሰማሁ።

ይኼው ነው። ሌላ ምንም አልሆነም። ያቺ "ኳ" ግን አልለቀቀችኝም።

ምክንያቱም ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ሌንስ ማንበብ ጀመርኩ። ባላነብ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። ሌንስ የደም ሥር የለውም። ብርሃን እንዲያሳልፍ ብለው ሴሎቹ በውስጣቸው ያለውን ዕቃ ሁሉ፣ ኒውክለሳቸውን ሳይቀር፣ ያስወግዱታል። ከዚያ በኋላ አዲስ ፕሮቲን መሥራት የለም፣ የተበላሸውን መተካት የለም። አዲስ ሴል ከዳር ይደረባል፣ አሮጌው መሐል ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። አልፋ ክሪስታሊን የሚባል ፕሮቲን አለ፣ የተበላሹት ተጣብቀው ብርሃኑን እንዳይጋርዱ ይዞ የሚያቆይ። ዕድሜ ሲገፋ እሱም እየተመናመነ ይሄዳል። ከዚያ ሞራ።

እና ያ መሐሉ፣ እምብርቱ፣ መሠራት የሚጀምረው እናት ሆድ ውስጥ ነው።

ቆይ፣ ገና ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ ኒልስ ሊነሩፕ የሚባል የፎረንሲክ ሰው አለ። እሱና ባልደረቦቹ በ2008፣ በፈረንጅ ነው፣ ከሰው ሌንስ የትውልድ ዓመት ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። ነገሩ የቦምብ ነገር ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሜሪካና ሶቪየት አየር ላይ ያፈነዱት ኒውክሌር በከባቢ አየር ያለውን፣ ካርቦን 14 የሚባለውን የካርቦን ዓይነት፣ ወደ እጥፍ ገደማ አደረሰው። በ1963 አየር ላይ ማፈንዳት ይቅር ብለው ተፈራረሙ፣ መጠኑም ቀስ በቀስ ወረደ። ካርቦኑ ሰብል ውስጥ ይገባል፣ ከሰብሉ ወደ ሰው። የሌንስ እምብርት ደግሞ ያኔ ያገኘውን ይዞ ቁጭ ነው። ለክተህ ከአየሩ መዝገብ ጋር ማስተያየት ነው።

በዚሁ ዘዴ የግሪንላንድ ሻርክ ዕድሜ ለክተዋል እኮ! ዩሊየስ ኒልሰንና ጓደኞቹ፣ በ2016። ከለኳቸው 28 ሻርኮች ትልቋ፣ አምስት ሜትር የምትሆነው፣ 392 ዓመት ገደማ ተባለላት። ግምቱ 120 ዓመት ወዲህ ወዲያ ይላል። ቢሆንም አስቡት፣ በሱስንዮስ ዘመን ተወልዳ ሊሆን ይችላል። ፋሲል ግንብ ሳይሠራ እሷ በረዶ ሥር እየዋኘች ነው። ምን እያሰበች ነው ግን ያን ሁሉ ዘመን?

ምን እያልኩ ነበር… አዎ። የእማዬ ዕድሜ።

እማዬና ታላቋ አክስቴ እማዬ መቼ ተወለደች በሚለው ይጣላሉ። የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ፣ በ1953፣ ይኼኛው በእኛ ነው፣ እማዬ "እናቴ አዝላኝ ነው የሸሸችው" ትላለች። አክስቴ "አዝላሽ ሳይሆን በሆዷ ይዛሽ" ትላለች። የቀበሌ መታወቂያዋ ደግሞ ከሁለቱም አይስማማም። ዓመቱ የቦምቡ ካርቦን አየሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። መልሱ ጋውዙ ላይ ነበር ማለት ነው? እኔ እንጃ። ዘዴው ወር ቆጥሮ የሚናገር አይደለም፣ የነሱ ጠብ ደግሞ የወራት ነው። ስለዚህ ላይፈታው ይችላል።

ደግሞ ዕድሜው አይደለም መሰለኝ የከነከነኝ። አያቴን አላውቃትም። ፎቶ የላትም። እማዬ ራሷ ፊቷን አታስታውሰውም። እና ያቺ ሴት እማዬን አርግዛ የበላችው እንጀራ፣ የጠጣችው ወተት… ያ ቡኒው መሐሉ እኮ ከዚያ የተሠራ ነው። አልተቀየረም። ስልሳ ምናምን ዓመት እዚያው። አሁን በቦታው ፕላስቲክ ነው ያለው።

ኧረ ተው አንተ። ሞራ ነው የወጣላት። መርፌ በክር እየሰካች ነው፣ ሰው ሳትጠራ! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? እንዲህ ስል ደግሞ ይቀለኛል። ከዚያ ይመለሳል።

ሁለተኛው ዓይኗ ወረፋ ላይ ነው። "ሲስተር፣ እባክሽ አትጣይው" ልበላት? ምን ላደርገው? ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው አጠገብ ላስቀምጠው? የሚለካው አክስለሬተር በሚባል ትልቅ ማሽን ነው፣ ሰፈር ላቦራቶሪ ወስደህ የምትሰጠው ነገር አይደለም። ሳይለካ ማስቀመጡ ደግሞ… ሰው ምን ይለኛል?

ለእማዬ ነገርኳት ትናንት። ቦምቡንም ሻርኩንም። ጸጥ ብላ ሰማችኝ፣ ጸጥ ብላ ሰምታኝ አታውቅም። መጨረሻ ላይ ምን አለች፦ "የአክስትህ ይለካ፣ የምትዋሸው እሷ ናት።" ለአክስቴም ደውላ የነገረቻት ይመስለኛል፣ ከትናንት ጀምሮ ስልኬን አታነሣም። ወይ ኔትዎርክ ይሆናል። እንጃ፣ ለነገሩ አክስቴም ዓይኗ ብዥ ይልብኛል ማለት ጀምራለች፣ እና እሷ ሆስፒታል በጭራሽ አልሄድም ባይ ናት፣ እኔ ደግሞ አሁን ምን ብዬ ነው…